ሦስት ኩባያ ዱቄት 720 ግራም አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣችሁን ከሚገዙት አንዷ ነኝ። መጀመሪያ የማየው የኀዘን ማስታወቂያውን ነው። ዕድሜ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ምግብ ዓምዳችሁ እሄዳለሁ። ፖለቲካውን ለባለቤቴ ትቼለታለሁ።

ባለፈው ወር ያወጣችሁት የብርቱካን ኬክ አሠራር ስህተት አለበት። ትንሽ ስህተት ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ግን የእኔን ኬክ አበላሽቶታል፤ የሌላ ሰውም ሳያበላሽ አልቀረም።

ቆርጬ ስላስቀመጥኩት እንዳለ ልገልብጠው። 3 ኩባያ (720 ግራም) የፉርኖ ዱቄት፣ 2 ኩባያ (480 ግራም) ስኳር፣ 1 ኩባያ (240 ግራም) ዘይት፣ 1 ኩባያ (240 ግራም) የብርቱካን ጭማቂ፣ 4 እንቁላል፣ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ የብርቱካን ልጣጭ በመጠኑ።

ከዚህ ሁሉ ግራሙ ለልክ የቀረበው የጭማቂው ብቻ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ስቷል። ስኳሩ በ80 ግራም በዝቷል። ዱቄቱ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

እኔ ቤቴ ሚዛን አለኝ። ከመርካቶ የገዛሁት፣ ጠፍጣፋ፣ ሁለት ባትሪ የሚበላ ዲጂታል ሚዛን። ሚዛን ስላለኝ ኩባያውን ትቼ ቅንፍ ውስጥ ያለውን ግራም አመንኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።

ቀኑ የልጅ ልጄ 5ኛ ዓመት ልደት ነበር። እናቷ ኬክ ቤት እንዘዝ ብላ ነበር። "እኔ ቁጭ ብዬ!" አልኳት። እንቁላሉንና ስኳሩን መትቼ፣ ዘይትና ጭማቂውን ጨምሬ፣ ዱቄቱን በወንፊት ነፍቼ መክተት ስጀምር ግማሹ ላይ ሊጡ በጣም አማረ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እጄም ነግሮኝ ነበር። ወረቀቱ ግን 720 ይላል። ሁሉንም ከተትኩ። ማንኪያው ሊጡ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። የኬክ ሊጥ ይፈሳል እንጂ አይቦካም፤ የእኔው ግን በክንድ የሚቦካ ሆነ። ብርቱካኑ ጭማቂ አንሶት ይሆናል ብዬ ሌላ አንድ ብርቱካን ጨመቅሁበት። ምን ያደርጋል።

ከአንድ ሰዓት በላይ ምድጃ ውስጥ ቆየ። ሲወጣ አናቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ልጅቷ ሻማዋን እፍ ብላ አጠፋች፤ ቆረስኩላት፤ አንድ ጊዜ ገመጠችና "እማማ፣ ይሄ ዳቦ ነው?" አለችኝ። ልጆቹ ክሬሙን ከላይ ልሰው ሌላውን ሳህን ላይ ተዉት። ጎረቤቴ ብቻ ሻይ ውስጥ እየነከረች "ለሻይ እኮ ጥሩ ነው" አለች። ጎረቤት ናት፣ ምን ትበል።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩን ለምን እንደማልተወው እንድታውቁት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 26 ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሞዴል 19 ሳይቆረጥ አንድ እስክሪፕቶ አላስገባም። ሞዴል 22 ሳይፈረም አንድ ደስታ ወረቀት አላስወጣም። በእኔ ጊዜ ሒሳብ ሳይገናኝ አልተኛም ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ቡናዬን ጠጣሁና ሚዛኑን፣ ኩባያዎቹን፣ አንድ ኪሎ ዱቄቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ባለቤቴ አየት አደረገኝና "ቆጠራ ነው?" አለኝ። አዎ፣ ቆጠራ ነው።

መጀመሪያ 720 ከየት እንደመጣ ገባኝ። 240ን በ3 ማባዛት ነው። 240 ደግሞ ኩባያው የሚይዘው ሚሊ ሊትር ነው። ሰውዬው ወይም ሴትየዋ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ሚሊ ሊትሩን ግራም አድርጎ ነው የጻፈው። ለውሃ ቢሆን ልክ ነበር። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፤ ይህን ሁላችንም ተምረናል። ክፋቱ ለውሃ የተማርነውን ለሁሉ ነገር ማድረጋችን ነው። ዱቄቱን ወደ ግራም የቀየረው ሰው ዱቄት ሳይሆን ውሃ ለክቷል።

እኔ ይህን ነገር የማውቀው ከልጅነቴ ነው፤ ስሙን ግን አላውቀውም ነበር። ያደግሁት ቡልጋ ነው። እናቴ አንድ ቁና ስንዴ ሰፍራ ወፍጮ ቤት ትልከኛለች። ስመለስ ዱቄቱን በዚያው ቁና ስትሰፍረው ሞልቶ ይተርፋል። እኔ ባለወፍጮው ደግ ሰው ሆኖ የጨመረልኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ስቃ "ተፈጭቶ ተነፋ እንጂ ማን ይጨምርልሻል" ትለኝ ነበር። ነገሩ ያ ነው። እህሉ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው ነው፤ እንዲያውም ወፍጮው ላይ ትንሽ ይቀራል። በደቃቁ ዱቄት መሃል ግን ብዙ አየር ይገባል። ኩባያ ስትሞሉ ዱቄትም አየርም ነው የምትሞሉት። ሚዛን አየሩን አይቆጥርም።

ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። ያለኝ ኩባያ ቨርጂኒያ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የላከችልኝ ነው፤ ጎኑ ላይ 240 ይላል። ውሃ ሞልቼ መዘንኩት፣ 238 ግራም። እጄም ትንሽ ይንቀጠቀጣልና ልክ ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ያንኑ ዱቄት፣ በዚያው ኩባያ፣ በአራት ዓይነት መንገድ ሞላሁት።

በወንፊት ነፍቼ በቀጥታ ኩባያው ላይ እንዲወርድ አድርጌ በቢላ ጀርባ ሳስተካክለው 112 ግራም ሆነ። በማንኪያ ቀስ አድርጌ ሞልቼ ሳስተካክለው 124 ሆነ። ኩባያውን ራሱን ዱቄቱ ውስጥ ከትቼ ሳፍሰው፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው፣ 146 መጣ። አፍሼ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ጢም ሳደርገው ደግሞ 163። አንድ ኩባያ ነው፤ አንድ ዱቄት ነው፤ አንዲት ሴት ናት። ሦስት ኩባያ ሲሆን ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለው ልዩነት 153 ግራም ነው። ከአንድ ኩባያ በላይ ዱቄት በአሰፋፈር ብቻ ይመጣል ወይም ይቀራል። እንዲያም ሆኖ ጢም ያለው እንኳ ለሦስት ኩባያ 489 ግራም ነው። በጡጫ ብትጠቀጥቁትም 720 አይገባም።

ፈረንጆቹ አሠራር ሲጽፉ "1 ኩባያ ዱቄት" የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በማንኪያ የተሞላውንና የተስተካከለውን ነው፤ ከ120 እስከ 125 ግራም። ስለዚህ የእናንተ ሦስት ኩባያ 375 ግራም ግድም መሆን ነበረበት። እኔ የከተትኩት ስድስት ኩባያ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው ማለት ነው። ኬኩ ዳቦ ቢሆን ምን ይገርማል።

ስኳር ግን እንዲህ አያስቸግርም። ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ብትጠቀጥቁትም ብታፈሱትም ያው 200 ግራም ግድም ነው። እኔ ሦስት ጊዜ መዝኜ 199፣ 201፣ 203 አገኘሁ። ዱቄት ስኳሩ ግን፣ ክሬም ላይ የምንነሰንሰው፣ እንደ ዱቄት ነው፤ 120 ግድም። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለዚህ አይደል? አንድ ኩባያው 220 ግራም አካባቢ ነው። የገበታ ቅቤ 227። ወተት ከውሃ ትንሽ ይከብዳል፤ 245 ብትሉ አታጡም። ማር ጉደኛው ነው፤ አንድ ኩባያ ማር 340 ግራም ግድም ይመዝናል። ካካዎ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ 85 ግራም። አስቡት፤ አንድ ኩባያ ማርና አንድ ኩባያ ካካዎ፣ አራት እጥፍ ልዩነት! ሁለቱንም 240 ግራም ነው የሚል ወረቀት ምን ይባላል?

ለወጉ ብዬ የጤፍ ዱቄትም መዝኜ ነበር። በማንኪያ ተሞልቶ 152 ግራም መጣ። ከፉርኖው ይከብዳል። አሁን ጤፍ ኬክ ውስጥ የሚጨምሩ ልጆች በዝተዋልና "በፉርኖው ቦታ ኩባያ በኩባያ ተኩ" ስትሉ ይህንንም አስቡበት። ግራም በግራም ቢሆን ይሻላል።

አሁን ስለ ኩባያው። አንዳንድ ሰው ክርክሩን ሁሉ "የየት አገር ኩባያ?" ላይ ያደርገዋል። እውነት ነው፣ ኩባያ ብዙ ነው። የአሜሪካኑ 240 ሚሊ ሊትር ግድም ነው። የአውስትራሊያው 250። የጃፓኑ 200። ምራቴ ከቤይሩት ስትመለስ ይዛው የመጣችው ላይ 250 ይላል። የቱርክ ኬክ በስልካችሁ የምታዩ ካላችሁ ደግሞ እነሱ የውሃ ብርጭቆ የሚሉት 200 ሚሊ ሊትር ነው። የእኛ የአሠራር መጻሕፍትስ? የቡና ስኒ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ጭልፋ። የእኔ ስኒ በሚዛን 75 ግራም ውሃ ትይዛለች። የጎረቤቴ 90። ሁለቱም ሲኒ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ አበባ አለ።

ግን እንደ እኔ የኩባያው አገር ያን ያህል አያጣላም። ከ240 እስከ 250 ያለው ልዩነት ከመቶ 4 ነው። ሁሉን ነገር በአንድ ኩባያ ከለካችሁ ዱቄቱም ስኳሩም ዘይቱም አብሮ ስለሚጨምር ይቻቻላል፤ እንቁላሉና ቤኪንግ ፓውደሩ ብቻ ትንሽ ያንሳሉ። የሚያጣላው የዱቄቱ አሰፋፈር ነው። እሱ ኬኩን ያደርቃል ወይም ያፈርሳል።

እህቴን ደውዬ ስነግራት ሳቀች። እዚያ ሰፈሯ ውስጥ የምታውቃቸው ሴቶች በሙሉ በኩባያ ነው የሚጋግሩት፣ ሚዛን ያላት አንዲት ናት አለችኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ የአሠራር ወረቀት አንብባልኝ "ሁለት ስቲክ ቅቤ" ስትለኝ ምን ዓይነት እንጨት ነው ብዬ ነበር። ለካ ቅቤው ዘንግ ዘንግ ሆኖ ተጠቅልሎ ይሸጣል። አንዱ ግማሽ ኩባያ ነው፤ 113 ግራም። መጠቅለያው ላይ በማንኪያ ልክ መስመር አለው፤ ቢላውን መስመሩ ላይ አድርጎ መቁረጥ ነው። ይህቺን ወድጃታለሁ። እኛ ጋ የ250 ግራም የገበታ ቅቤ ሲገዛ እኮ በዓይን ነው የሚከፈለው።

ይህ በኩባያ አስተካክሎ መለካት የሚባለው ነገር ራሱ ድሮ ትልቅ መሻሻል ነበር። ቦስተን ውስጥ የምግብ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረች ፋኒ ፋርመር የምትባል ሴት በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፏ ኩባያና ማንኪያ በቢላ እየተስተካከለ ይለካ አለች። ከእሷ በፊት የነበሩት "የእንቁላል ያህል ቅቤ" ብለው ይጽፉ ነበር። የየትኛዋ ዶሮ እንቁላል? የእኛ እናቶች ብቻ የነበሩ ይመስለኝ ነበር እንዲህ የሚሉት። ስለዚህ ኩባያ ክፉ ነው አልልም። ማስተካከያው ቢላ ከጠፋ ግን የፋኒ ፋርመር ልፋት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

እናቴም አንድም ነገር መዝና አታውቅም። የወተት ዱቄት ጣሳ ነበራት፤ ጠርዙ በአንድ በኩል የጎበጠ። ለቡሄ ሙልሙል፣ ለጥምቀት ድፎ ዳቦ፣ ሁሉም በዚያ ጣሳ ነው። ጨው በመዳፍ። ውሃ ዱቄቱ "በቃኝ" እስኪል። ድፎዋ በኮባ ተጠቅልሎ ከምጣድ ሲወጣ ሰፈሩ ይሸት ነበር። አንድ ቀን ተበላሽቶባት አላየሁም። ታዲያ ሚዛን ምን ይሠራል ትሉኛላችሁ? እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሱ ይመስለኛል፣ ጣሳው አንድ ነበር፤ እጁም አንድ ነበር። ዱቄቱ ሲበዛ እጇ ያውቃል፣ ውሃ ይጨምራል። የዳቦ ሊጥ ይታረማል። የኬክ ሊጥ ምድጃ ከገባ በኋላ አይታረምም። ደግሞ የእናቴ አሠራር ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ተድሬ አዲስ አበባ ስመጣ "ሦስት ጣሳ ዱቄት" ብላ ነግራኝ የእኔ ጣሳ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሆነ፤ የመጀመሪያው ድፎዬ የውሻ ራት ሆነ። ጣሳው ካልመጣ ቁጥሩ ብቻውን ምን ያደርጋል። የእናንተ ጋዜጣ ደግሞ የሚሄደው ስንት ሺህ ቤት ነው።

ሚዛን የሌለው ሰውስ? ለእሱ አንድ ዘዴ አለኝ። ከሱቅ አንድ ኪሎ ዱቄት ይግዛ። ቤቱ ባለው ኩባያ፣ ሁልጊዜ በሚሞላው አሞላል፣ ስንት ኩባያ እንደሚሆን ይቁጠር። 8 ከሆነ አንዱ 125 ግራም ነው። 7 ከሆነ 143 ነው። ይህን ኩባያው ሥር በማርከር ይጻፍበት፤ ተገላገለ። ስኳርም እንዲሁ፤ በአሜሪካኑ ኩባያ አንድ ኪሎው 5 ኩባያ ይሆናል። በእርግጥ ይህ የሚሠራው ባለሱቁ እግዜርን የሚፈራ ከሆነ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ቢሆንም አንዳንዱ ባለሱቅ እስኪሰፈርለት አይቸኩልም። ኩባያው ስንት እንደሚይዝ የማያውቅ ደግሞ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልቶ ይገልብጥበት። ሁለት ጊዜ እኩል ከሞላለት 250 ነው።

ሚዛን ያለው ሰውም አይኩራ። የእኔ ሚዛን ላይ አንድ ቁልፍ አለች፤ ስትነኳት ከግራም ወደ ሚሊ ሊትር ትቀየራለች። የምትቀይረው ግን ምልክቱን ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ያው ነው። ዱቄት አስቀምጬ "125 ሚሊ ሊትር" አለችኝ። ውሸት ነው። ያ ዱቄት አንድ ሙሉ ኩባያ ነበር፣ 240 ሚሊ ሊትር። ሚዛን ሚሊ ሊትር አያውቅም፤ የተቀመጠበትን ሁሉ ውሃ አድርጎ ገምቶ ነው የሚናገረው። የዓምዳችሁ አዘጋጅ ከእንዲህ ያለችው ሚዛን ይሆን የወሰደው? ሳልጠረጥር አልቀረሁም።

ለጥቃቅኑ ነገር ደግሞ ማንኪያ ይበልጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ 3 ግራም ነው። የእኔ ሚዛን ከ5 ግራም በታች ያለውን በቅጡ አይሰማም። ጥቂት ጥቂት እያልኩ ስነሰንስበት ጭራሽ ዜሮ ላይ ፈዞ ይቀራል። ቤኪንግ ፓውደር፣ ሶዳ፣ ጨው፣ እርሾ በሻይ ማንኪያ ጻፉልን፤ ግን "የተስተካከለ" በሉ። "1 ከረጢት እርሾ" ግን ባትሉ ደስ ይለኛል። የ7 ግራምም የ11 ግራምም ከረጢት ገዝቼ አውቃለሁ። የሾርባ ማንኪያ ስትሉም 15 ሚሊ ሊትሩን ይሁን፤ ከመሳቢያችን የምናወጣው እያንዳንዱ የራሱ ሆድ አለው።

እንቁላልም አለ። "4 እንቁላል" ስትሉ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል አስባችሁ ነው። ትልቁ ቅርፊቱ ወጥቶ 50 ግራም ግድም ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግን ትንሽ ናት። እኔ በፋሲካ ሰሞን ከገጠር የመጣልኝን መዝኜ ቅርፊቷ ወጥቶ 35 እና 36 ነው ያገኘሁት። በአራት እንቁላል ላይ አንድ ሙሉ እንቁላል ይጎድላል። "200 ግራም እንቁላል" ብላችሁ ብትጨምሩበት አይከብድም። አስኳሉ ቢጫ ስለሆነ ይካካሳል የሚሉ አሉ። ቀለም እንጂ ክብደት አይካካስም።

ይህን ሁሉ የምለው ለልደት ኬክ ብቻ ብዬ አይደለም። እኛ ሰፈር፣ ወደ ታችም ኮንዶሚኒየሞቹ ውስጥ፣ ቤታቸው ኬክ እየጋገሩ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ለእነሱ ይህ ነገር ገንዘብ ነው። ዱቄት የሚገዙት በኪሎ ነው፤ ኬክ የሚጋግሩት በኩባያ ነው። ታዲያ አንድ ኬክ ስንት አወጣ ሲባል በምን ያስሉት? ሦስት ኩባያ 375 ግራም መሆኑን ያወቀች ሴት ከአንድ ኪሎ ሁለት ኬክ ሠርታ 250 ግራም ይተርፋታል። እያፈሰች 146 የምትሞላዋ በአንድ ኬክ 438 ግራም ትከታለች። ሁለት ኬክ ሠርታ የሚተርፋት አንድ ኩባያ እንኳ አይሞላም። እሷ ዱቄቱ የት እንደሚሄድ አታውቅም። በግምጃ ቤት ቋንቋ ጉድለት ይባላል፤ ጉድለት ደግሞ ሰው ያሳስራል። በዚያ ላይ ኬኳ ይደርቅና ደንበኛዋ አይመለስም።

አንዲትን የማውቃትን ልጅ ሚዛኔን ለሳምንት አውሼያት ነበር። አሠራሯን ሁሉ በግራም ገልብጣ ጻፈችና ሚዛኔን ስትመልስ "እትዬ፣ ለካ በየቀኑ የተለያየ ኬክ ነበር የምሸጠው" አለችኝ።

አንድ የጎን ነገር። ቁጥሩን ሁሉ አስተካክላችሁ ብታወጡትም የእኔ ቤት ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ሽሮ ሜዳ እንጦጦ ሥር ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ግድም ላይ ነው እንጂ 100 አይደርስም። አየሩ ስስ ስለሆነ ኬክ ቶሎ ኩፍ ይልና መሃሉ ቁጭ ይላል። እኔ 3 የሻይ ማንኪያ የተባለውን ቤኪንግ ፓውደር 2 አደርገዋለሁ፤ ጭማቂውን ደግሞ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እጨምራለሁ። ይህን የምነግራችሁ የውጭ አሠራር እንዳለ ስትተረጉሙ አገሩንም አብራችሁ እንድትተረጉሙ ነው። ለዛሬ ግን ግራሙን አስተካክሉልን፣ ይበቃል።

በነገራችን ላይ ኬኩን ደግሜ ጋግሬዋለሁ። 375 ግራም ዱቄት፣ 400 ግራም ስኳር፣ 220 ግራም ዘይት፣ 240 ሚሊ ሊትር ጭማቂና ሁለት ማንኪያ በላዩ፣ 200 ግራም እንቁላል። ሊጡ ከማንኪያው ላይ እንደ አብሽ እየተዝለገለገ ወረደ። 45 ደቂቃ ቆየ። አሠራሩ መልካም ነው፤ አዘጋጃችሁ ከየትም ያምጣው፣ ዋናውን አሠራር የጻፈው ሰው ያውቃል። ልጅቷ ሁለት ቁራጭ በላች። "ይኼኛው ኬክ ነው" አለች፤ ያኛውን አልረሳችውም።

የምጠይቃችሁ ይኸው ነው። አንደኛ፣ ማረሚያ አውጡ። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ዱቄት በግራም ይሁን፤ ኩባያውን አትጣሉት፣ ከጎኑ ይቀመጥ። ቅንፍ ውስጥ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሰው አንድ ኩባያ ዱቄት ሚዛን ላይ ያስቀምጥ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ቢሮአችሁ ሚዛን ከሌለ ሻይ ቤታችሁ አጠገብ ባለው ሱቅ ይኖራል።

ማረሚያውን ደግሞ እንደ ኬኩ በፎቶ፣ በዚያው ገጽ አውጡት። ጨረታ ማስታወቂያ ሥር አትቅበሩት። አሠራሩን ቆርጠው ማቀዝቀዣቸው ላይ የለጠፉ ሴቶች አሉ፤ አንዷ ሻይ ውስጥ የነከረችው ጎረቤቴ ናት። የእሷን እኔ ራሴ በቀይ እስክሪፕቶ አርሜላታለሁ።

አክባሪያችሁ
ጡረተኛዋ የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ከሽሮ ሜዳ